ከብርድ አገር ወደ ሞቃት ባሕር፤ የፍሎሪዳ ደሴቶችና የላባ መንጠቆ

ካርታ ዘርግታችሁ የሰሜን አሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ በመጨረሻ እንደ አውራ ጣት ወደ ባሕሩ የገባ ረዥም መሬት ታገኛላችሁ። ይህ ፍሎሪዳ የተባለው ግዛት ነው። ከዚሁ መሬት ጫፍ ጀምሮ፣ ክሩ እንደ ተበጠሰበት መቁጠሪያ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተበተኑ ትንንሽ ደሴቶች ይታያሉ። በባለ አገሮቹ ዘንድ ፍሎሪዳ ኪይስ ይባላሉ፤ ቃሉ ከእስፓኞች የመጣ ሲሆን «ካዮ» ማለት ዝቅተኛ ትንሽ ደሴት ማለት ነው። በአንድ ወገናቸው የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገናቸው ጥልቀት የሌለው የፍሎሪዳ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። በመጨረሻዋ ከተማ በኪይ ዌስት ውርጭ ወርዶ አያውቅም፤ ከተመዘገበው ብርድ ሁሉ የከፋውም 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዝውውር ማመልከቻ ጽፎ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። አንዱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ሌላው ከወረዳ ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ደጅ ይጠናል። በአሜሪካ ደግሞ ከሰሜኑ ብርድ አገር ወደ ደቡቡ ሞቃት ጠረፍ መውረድ የብዙ ሰው ምኞት ነው። ብዙው የሚወርደው ጡረታ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ጥቂቱ ግን ገና በጉልምስናው ሥራውን ለቅቆ፣ ቤቱንም ሸጦ፣ አንድ ዓሣ ፍለጋ ይወርዳል። ሊበላው አይደለም፤ ይዞ ሊለቀው ነው። ይህ ነገር ለእኛ ሰው እንቆቅልሽ እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ አስቀድመን የአጠማመዱን ነገር እንነግራችኋለን፤ ከዚያ ወደ ኑሮው እንሻገራለን። ሞቃት ባሕር ዳር የሚኖሩት ኑሮ በፖስታ ካርድ ላይ እንደሚታየው ያለ አይደለምና። ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሁልጊዜ ምኞቱ የነበረው ሰው አይደለም።

በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ በሐይቆቻችን ዳር የታወቀ ነው። በክሩ ጫፍ መንጠቆ፣ በመንጠቆው ላይ ትል፣ ከአጠገቡም ክብደት እንዲሆን እርሳስ ይታሠራል፤ እርሳሱ ሲወረወር ክሩን ይዞት ይሄዳል። በላባ መንጠቆ የሚደረገው አጠማመድ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በመንጠቆው ላይ የሚታሠረው ከዶሮ ላባ፣ ከአጋዘን ጭራ ፀጉርና ከሚያብለጨልጭ ክር የተሠራ፣ ክብደት የሌለው ማታለያ ነው። እንደ ድንጋይ ልወርውረው ቢሉ ከእግር ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ክብደቱ ያለው በክሩ ነው። ክሩ ወፍራም ሲሆን፣ አጥማጁ 2 ሜትር ከ70 ያህል በሚረዝም ተጣጣፊ ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያወናጭፈዋል፤ ክሩ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሲያልቅ ላባው ከጫፉ ወርዶ በቀስታ ውሃው ላይ ያርፋል።

በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህን ጥበብ ፈጥኖ የሚማር ይመስለናል፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ጅራፍ ካልጮኸ ጅራፍ አይባልም። ይህ ክር ግን ከጮኸ ችግር ነው፤ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት ተስቧል ማለት ነውና፣ ላባው ከጫፉ ተቀንጥሶ ይቀራል። እንግዲህ ዋናው ትምህርት መጠበቅ ነው፤ ክሩ ከኋላ እስኪዘረጋ ድረስ ለአንዲት ቅጽበት እጅን ማቆም ነው። ጉልበተኞች ወንዶች በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ከሴቶች ያነሱ ሆነው ይገኛሉ ይባላል።

እንግሊዞች ማታለያውን «ዝንብ» ይሉታል፤ ጥንት ለወንዝ ዓሣ ሲሠራ ዝንብና ተባይ እንዲመስል ይደረግ ስለ ነበር ነው። በባሌ፣ በዲንሾ በኩል በሚወርደው በዌብ ወንዝ፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የተባለ ዓሣ በዚሁ ዘዴ ሲጠመድ ያዩ አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ወደ ጨው ውሃ ሲመጣ ግን ዝንቡ ስሙን ብቻ ይዞ ቀረ፤ የሚመስለው ሽሪምፕ፣ ሸርጣን ወይም ትንሽ ዓሣ ነው።

ከደሴቶቹ ጀርባ ያለው ባሕር ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ከሥሩ ነጭ አሸዋና የባሕር ሣር ያለበት ሰፊ ሜዳ ነው። ውሃው ጊዜውን ጠብቆ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲሞላ ዓሦቹ ሸርጣን ለመልቀም ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ሲጎድል ወደ ጥልቁ ይመለሳሉ። አጥማጁ ዓሣውን በዓይኑ ካላየ አይወረውርም፤ ስለዚህ ከማጥመድ ይልቅ አደን ቢባል ይሻላል። ጀልባዋ ጠፍጣፋና ቀላል ናት። ሞተሩ ይጠፋና፣ መሪው ከሞተሩ በላይ በተሠራ ቆጥ ላይ ቆሞ 6 ሜትር ያህል በሚረዝም ዘንግ የባሕሩን ወለል እየገፋ ያለ ድምፅ ይነዳታል። የጣና ታንኳ ነጂ ቢያየው ብዙም ባልገረመው ነበር።

መሪው ከላይ ሆኖ ዓሣ ሲያይ አቅጣጫውን በሰዓት ይናገራል። የጀልባዋ አፍንጫ 12 ነው፤ ቀኝ ጎኗ 3፣ ግራ ጎኗ 9። «11 ሰዓት፣ 20 ሜትር!» ቢል ከፊት ወደ ግራ ጥቂት ዘንበል ብላችሁ ወርውሩ ማለቱ ነው። የሚነገረው ጊዜው ሳይሆን በሰዓቱ ፊት ላይ ያለው ቁጥር ስለሆነ፣ ከእኛ የሰዓት አቆጣጠር ጋር ጠብ የለውም፤ ቢሆንም ለመጀመሪያው ቀን መደናገራችን የሚቀር አይመስለንም።

የሚፈለጉት ዓሦች በተለይ ሦስት ናቸው። ቦንፊሽ የተባለው፣ ትርጉሙም የአጥንት ዓሣ የሆነው፣ ጎኑ እንደ መስተዋት ነው። የአሸዋውንና የሣሩን መልክ መልሶ ስለሚያሳይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ራሱን ደፍቶ ሸርጣን ሲለቅም ግን ጭራው ከውሃው ብቅ ይልና በፀሐይ ያብረቀርቃል። ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መንጠቆው ሲይዘው 100 ሜትር ክር በአንድ ሩጫ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ፐርሚት ይባላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ፈቃድ ማለት ነው። ሸርጣን በል፣ ጠርጣራና ዓይነ ስል ስለሆነ፣ ላባውን ቀርቦ ያየዋል፣ ይከተለዋል፣ በመጨረሻም ትቶት ይሄዳል። ዓመታት ሙሉ ሞክሮ አንድም ያልያዘ ሰው ብዙ ነው። ፈቃድ ለማግኘት በየመሥሪያ ቤቱ «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው፣ ስሙ ለዚህ ዓሣ የተገባ መሆኑን ያለ ማስረጃ ያምናል።

ሦስተኛው ታርፐን ነው። «የብር ንጉሥ» ይሉታል። ርዝመቱ ከ2 ሜትር፣ ክብደቱም ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ከ50 ዓመት በላይም ይኖራል። ከሌሎች ዓሦች የሚለየው አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ ማለቱ ነው፤ ውሃው በሞቀና አየሩ ባነሰ ጊዜ ይህ ያድነዋል። መንጠቆ ሲይዘው በሙሉ አካሉ ከባሕሩ ዘልሎ ይወጣል፤ ቅርፊቱም እንደ ብር ሳህን ያንጸባርቃል። በዚያች ቅጽበት መሪው «እጅ ንሣ!» ብሎ ይጮሃል። አጥማጁ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ወደ ዓሣው መዘርጋት አለበት፤ ክሩ ካልላላ የዓሣው ክብደት ይበጥሰዋልና። ለንጉሥ እጅ መንሣት ምን እንደ ነበር ከአባቶቻቸው የሰሙ አንባቢዎች፣ አንድ ሀብታም የኒው ዮርክ ጠበቃ በጀልባ ላይ ሆኖ ለዓሣ እጅ ሲነሣ ቢያዩ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።

ታርፐን በሚያዝያና በሰኔ መካከል በደሴቶቹ አጠገብ በብዛት ያልፋል። ከዚሁ ወራት በጥቂት ምሽቶች፣ ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በምትሆንበት ሰሞን፣ ፓሎሎ የተባለ ጣት የማያህል ትል ከባሕሩ ወለል በብዛት እየወጣ በውሃው ላይ ይዋኛል። ያን ጊዜ 50 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ሌላውን ምግብ ሁሉ ትቶ ትል ሲለቅም ያመሻል። ምሽቱን በትክክል የሚተነብይ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ መሪዎችም ያንን ሰዓት እንዳያመልጣቸው ለሌላ ቀጠሮ አይሰጡትም።

ወደ እነዚህ ደሴቶች ከወረዱት ሰዎች መካከል ጂሚ ኦልብራይት አንዱ ነው። ከኢንዲያና መጥቶ አይላሞራዳ በተባለችው መንደር የዓሣ መሪነት ሥራ ያዘ። በ1947 ጆ ብሩክስ የተባለው ጸሐፊ ከእርሱ ጋር ወጥቶ ቦንፊሽን ሆን ብሎ በላባ መንጠቆ ያዘ፤ ይህንንም በጽሑፍ ስላሰራጨው፣ አይሆንም ይባል የነበረው ነገር የብዙ ሰው ምኞት ሆነ። ኦልብራይት የፈለሰፈው የክር አተሳሰር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቴድ ዊሊያምስም፣ በቦስተን ቡድን የቤዝቦል ጨዋታ እጅግ ስመ ጥር የነበረው፣ በኮሪያ ጦርነትም አውሮፕላን ያበረረው፣ በዚያው መንደር ቤት ይዞ ለብዙ ዓመታት ኖሯል።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ግን የሚቀርበው የበርናርድ ክሬህ ታሪክ ነው። «ሌፍቲ» በሚለው ቅጽል ስሙ ይታወቃል፤ ግራኙ ማለት ነው፤ ለእኛ ግን ይህ ስም ሌላ ታሪክ ያስታውሰናል። በ1925 በሜሪላንድ ግዛት ተወለደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፎርት ዴትሪክ፣ የአሜሪካ ጦር የተውሳክ ምርምር በሚያካሂድበት ሥፍራ፣ በፈረቃ ተቀጠረ። በዚያም ሥራ ላይ ሳለ አባ ሰንጋ ይዞት ነበር፤ ድኗል። በትርፍ ጊዜው ስለ ዓሣ ማጥመድ በጋዜጦች ይጽፍ፣ አወራወርም ያስተምር ጀመር። በ1964 ማያሚ ውስጥ ትልቅ ዓመታዊ የዓሣ ማጥመድ ውድድር የሚመራ ሰው ሲፈለግ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። ያን ጊዜ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ፤ ክሬህ የወረደው ሕልም ተከትሎ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ይዞ ነው። ኋላም ወደ ትውልድ ግዛቱ ተመልሶ ለረዥም ጊዜ የጋዜጣ ጸሐፊ ሆነ። የፈለሰፈው «አታላይ» የተባለው ላባ በ1991 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታትሟል፤ እርሱም በ2018 በ93 ዓመቱ አረፈ።

ሥራ ይዞ መውረድም ቢሆን ሁሉን ሰው አልጠቀመም። ሄንሪ ፍላግለር የተባለው የነዳጅ ከበርቴ በ1905 በደሴቶቹ ላይ፣ በባሕሩም ላይ ድልድይ እየሠራ፣ የምድር ባቡር መዘርጋት ጀመረ። ሐዲዱ በጥር ወር 1912 ኪይ ዌስት ደረሰ፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከመድረሱ አምስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከሐዲዱም ጎን የመኪና መንገድ ለመሥራት ታሰበና፣ በ1930ዎቹ የሥራ ማጣት ዘመን፣ የአንደኛው ጦርነት ዘማች የነበሩ ሥራ አጦች ማቴኩምቤ በተባለው ሥፍራ በድንኳንና በሳንቃ ቤት ሠፍረው እንዲሠሩ ተላኩ። ለዓሣ የመጡ አልነበሩም። ለእንጀራ የመጡ ነበሩ።

መስከረም 2 ቀን 1935 እጅግ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጣባቸው። ሰዎቹን ለማውጣት ከማያሚ በኩል ባቡር ቢላክም የዘገየ ሆነ። ባቡሩ አይላሞራዳ በደረሰ ጊዜ ባሕሩ እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ፉርጎዎቹን ከሐዲዱ ላይ ጠረጋቸው፤ ቆሞ የቀረው መኪናው ብቻ ነበር። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከግማሽ የሚበልጡትም እነዚያ ዘማቾች ነበሩ። ያን ጊዜ በኪይ ዌስት ይኖር የነበረው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ሥፍራው ድረስ ሄዶ ሬሳውን ካየ በኋላ፣ በአውሎ ነፋስ ወራት እነዚያን ሰዎች እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው ብሎ በብርቱ ቁጣ ጻፈ። የባቡሩ መሥመር ዳግመኛ አልተጠገነም። ግዛቱ ድልድዮቹን ገዝቶ በ1938 የመኪና መንገድ አድርጎ ከፈታቸው። የሟቾቹም መታሰቢያ፣ የብዙዎቹ አመድ ያረፈበት፣ በአይላሞራዳ በመንገዱ ዳር ቆሟል።

ዛሬ ከዋናው ምድር እስከ ኪይ ዌስት የሚወስደው ይኸው አንድ መንገድ ነው። ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 42 ድልድዮች አሉት። የሰዎች አድራሻ እንኳ የሚነገረው ከመንገዱ ዳር በተተከሉ የማይል ምልክቶች ነው፤ ኪይ ዌስት ዜሮ፣ አይላሞራዳ ወደ 82። ደሴቶቹ አብዛኛው ክፍላቸው የጥንት ኮራል ድንጋይ ሲሆን ከባሕሩ የሚበልጡት በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ብቻ ነው። የሚጠጣውም ውሃ ከዋናው ምድር በቧንቧ ይመጣል፤ ቧንቧው በ1942 ለባሕር ኃይሉ ሲባል እስኪዘረጋ ድረስ ሕዝቡ የሚጠጣው በጉድጓድ ያጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ነበር። አዲስ ቤት በረዣዥም ምሰሶ ላይ ይሠራል፤ ከታች መኪና ይቆማል፣ ማዕበል በመጣም ጊዜ ባሕሩ ያልፋል።

ቤት የመሥራት ፈቃድ እንደ ልብ አይሰጥም። የግዛቱ ሕግ ነዋሪው ሕዝብ አውሎ ነፋስ ሲመጣ በአንድ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ በመንገዱ ሊወጣ መቻል አለበት ይላል፤ ስለዚህ የቤቶቹ ቁጥር የሚወሰነው መንገዱ በአንድ ቀን ሊያወጣ በሚችለው መኪና ልክ ነው። ደንቡ የ1935ቱን ነገር ለሚያስታውስ ሰው ትክክል ነው። ነገር ግን መሬቱ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ዋጋው ወደ ማን እንደሚያዘነብል ለመረዳት የኢኮኖሚ ትምህርት አያስፈልግም። ከሰሜን የሚወርደው ባለ ገንዘብ ለክረምቱ ወራት ብቻ የሚኖርበትን ቤት ይገዛል፤ ልጆች የሚያስተምረው መምህር፣ በማዘጋጃ ቤት የሚጽፈው ጸሐፊ፣ በሆቴል አልጋ የምታነጥፈው ሴት ግን ኪራዩን አይችሉትም። ብዙዎች በየማለዳው ከዋናው ምድር ከፍሎሪዳ ሲቲ በአውቶቡስ እየተሳፈሩ፣ ማታም በዚያው እየተመለሱ ይሠራሉ። በመስከረም 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ በመታ ጊዜ ከ1,000 በላይ ቤቶች ፈረሱ፤ ከእነዚህም መካከል የደኸዩ ሠራተኞች የሚኖሩባቸው አሮጌ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ብዙ ነበሩ። በቦታቸው የሚተካው ቤት እንደ አዲሱ ደንብ በምሰሶ ላይ ስለሚሠራ፣ የቀድሞው ተከራይ የሚችለው አይደለም።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ፤ እርሱም የራሱን ዕዳ እየከፈለ ነውና።

የፍሎሪዳ ባሕረ ሰላጤ ጤናማ የሚሆነው ጨው ውሃና ጣፋጭ ውሃ ሲገናኙበት ነው። ጣፋጩ ውሃ ይመጣ የነበረው በግዛቱ መካከል ካለው ከኦኪቾቢ ሐይቅ ተነሥቶ፣ ኤቨርግሌድስ በተባለው እጅግ ሰፊ የሣር ረግረግ በኩል፣ ሰው በማያየው ዝግታ ወደ ደቡብ እየፈሰሰ ነበር። በ1928 አውሎ ነፋስ ሐይቁን ገልብጦ ከ2,000 በላይ ሰዎችን፣ ይልቁንም ጥቁር የእርሻ ሠራተኞችን፣ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ትልቅ ግድብ ተሠራ፤ ከ1948 በኋላም በቦዮች አማካይነት ብዙው ውሃ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ባሕሮች እንዲፈስ ተደረገ። በረግረጉ ላይ በ1928 የተከፈተው የታሚያሚ አውራ ጎዳናም ራሱ እንደ ግድብ ሆኖ ነበር። ይህን የሠሩትን ሰዎች ክፉዎች ማለት አይቻልም፤ ሕዝብ ከጎርፍ ለማዳንና መሬት ለማልማት ነው የሠሩት። ውጤቱ ግን በሌላ ዳርቻ ታየ። ባሕረ ሰላጤው ጨውነቱ በዛ። በ1987፣ እንደገናም በ2015፣ ብዙ ሺህ ሄክታር የባሕር ሣር ሞተ። ሣሩ የሸርጣኑና የሽሪምፑ ቤት ነው፤ ሸርጣኑና ሽሪምፑ ደግሞ የቦንፊሹ እንጀራ ነው።

ብርዱም ሙቀቱም ያለ ልኩ መጣ። በጥር 2010 ያልተለመደ ብርድ ብዙ ቀን ቆይቶ ብዙ የሜዳው ባሕር ዓሣ ገደለ። በሐምሌ 2023 ደግሞ ማናቲ ቤይ በተባለ ጥልቀት በሌለው ሥፍራ የባሕሩ ሙቀት 38 ዲግሪ ደረሰ፤ ሰው ሊታጠብበት የሚያሞቀው ውሃ ማለት ነው። ተመራማሪዎች በባሕር ውስጥ ያሳድጉት የነበረውን ኮራል እየነቀሉ በየብስ ላይ ወዳለ ገንዳ አሸሹት።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን በ2022 የተገለጸው ጥናት ነው። የፍሎሪዳ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የዓሣ ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆኖ በደቡብ ፍሎሪዳ ከተያዙ 93 ቦንፊሾች ደም ወስዶ መረመረ። በሁሉም ውስጥ የሰው መድኃኒት ተገኘ፤ በአማካይ በአንድ ዓሣ 7፣ በአንዱም 17 ዓይነት። የደም ግፊት መድኃኒት፣ የጭንቀት መድኃኒት፣ ተሐዋስያን የሚገድል መድኃኒት። ሰው የዋጠው በፍሳሽ በኩል ወደ ባሕር ይደርሳል። ደሴቶቹ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጋራ የፍሳሽ ማጣሪያ ዘርግተዋል፤ ተራው ማጣሪያ ግን መድኃኒትን በደንብ አያስቀርም። እንግዲህ ጭንቀቱን ሽሽት ከቺካጎ የወረደው ሰው፣ የጭንቀቱን ኪኒን ሊያያት ለሚመኛት ዓሣ ያካፍላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። ቦንፊሽን ይዞ ማስቀረት በሕግ ተከልክሏል፤ ታርፐንም ይለቀቃል፣ ትልቁን ከውሃው ማውጣት እንኳ አይፈቀድም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2000 የኤቨርግሌድስን ውሃ ለመመለስ ሕግ አወጣ። በታሚያሚ ጎዳና ላይ ውሃ በሥሩ የሚያሳልፉ ረዣዥም ድልድዮች በ2013ና በ2019 ተከፍተዋል። ስለ ውሃው በየምክር ቤቱ ደጅ ከሚጮሁት መካከል የዓሣ መሪዎች አሉበት፤ ወትሮ ከሰው ርቀው በጀልባ መዋል የሚወዱ ሰዎች ከረባት አሥረው ሲመሰክሩ መታየታቸው ነገሩ ምን ያህል እንደ ደረሰባቸው ያሳያል።

ከእናንተ መካከል የትምህርት ዕድል አግኝቶ ማያሚ የሚደርስ ቢኖር፣ መሪና ጀልባ ለአንድ ቀን መከራየት ብዙ መቶ ዶላር ስለሚጠይቅ በዚያ አይሞክረው። ወደ ደሴቶቹ የሚወስድ አውቶቡስ አለ። ማራቶን ከተባለችው ከተማ ጫፍ የአሮጌው የባቡር ድልድይ ጥቂት ክፍል ተጠግኖ በ2022 ለእግረኛ ተከፍቷል፤ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በባሕር ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፣ በግንቦትም ወር ታርፐኖቹ በሥሩ ሲያልፉ ይታያሉ። አይላሞራዳ ላይ ደግሞ በጥቂት ዶላር አንድ ባልዲ ትንንሽ ዓሣ ገዝቶ፣ በሳንቃ መድረክ ላይ ተንበርክኮ፣ ታርፐንን በእጅ ማብላት የሚቻልበት ሥፍራ አለ። አፉ የሚናከስ ጥርስ የለውም፤ ነገር ግን እንደ ሞረድ ነውና ጣትን በጊዜ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ባልዲውንም ከጎን አታስቀምጡ፤ በዝዋይ ሐይቅ የምታውቁት ባለ ከረጢቱ ወፍ፣ ፔሊካን፣ እዚያም አለ፤ ሰውም አይፈራም።